ቁጥጥር ወይስ ጥበቃ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህርት ነኝ። «የግል ኩባንያዎች ዓለም አቀፉን የኑክሌር ጥበቃ ሥራ ይደግፋሉ» ብዬ ተርጉሜ ሳነብ፣ አንድ ተማሪ «ጠመንጃ ይዘው ነው?» አለኝ። እንግሊዝኛው «ሴፍጋርድስ» የሚለውን በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጁ አልተሳሳተም፤ «ጥበቃ» ሲባል ዘብ ነው የሚታየን። ጨረር እንዳያመልጥ መጠንቀቅ ደኅንነት ነው፤ ሌባ እንዳይገባ መከላከል ጥበቃ ነው። ሴፍጋርድስ ግን የሚመለከተው ባለቤቱን ራሱን ነው። መንግሥት ለሰላማዊ ሥራ ያስመዘገበው ዩራኒየም ወይም ፕሉቶኒየም ወደ ቦምብ አለመዞሩን ቆጥሮ ማረጋገጥ ማለት ነው። ቪየና ያለው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ከጎደለ ለአንድ ቦምብ ሊበቃ ይችላል ብሎ ይሠጋል፤ ስለዚህ ይቆጥራል፣ ይመዝናል፣ ያሽጋል።

በመንዝ ጎታ ሲሞላ አፉ ይመረጋል። ምርጊቱ ሌባ አያስቆምም፤ እጅ ከገባበት ግን ይታወቃል። የኤጀንሲው ማኅተምም ሥራው ይኸው ነው። «ማኅተሙ ይጠብቃል» ሲባል እንኳ «ብ» ላልቶ ቢነበብ ይሻላል፤ ጠብቆ ከተነበበ ዘብ ይሆናልና።

እኔ «የኑክሌር ቁጥጥር» የሚለውን እመርጣለሁ። «ተቆጣጠረ» የወጣው ከ«ቆጠረ» ነው፤ መተሳሰብ፣ ሒሳብ መጠያየቅ በውስጡ አለ። «ዋስትና» የሚሉም አሉ፤ ዋስ ግን ስለሌላው የሚከፍል ሰው ነው፣ እዚህ ማንም ለማንም አልተዋሰም። አገራችን ከኤጀንሲው ጋር የገባችው የቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የጸና ስለሆነ፣ ቃሉ ከክፍልዎ ውጭም ያስፈልገናል።

«ይደግፋሉ» የሚለውንም ቢለውጡት ደስ ይለኛል። አማርኛ ሲደግፍ ወገን ይይዛል፤ ኩባንያዎቹ ግን የሚያደርጉት ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ካሜራ፣ የጨረር መለኪያና ማኅተም ሠርተው ያቀርባሉ። የኑክሌር ጣቢያ ወይም የኑክሌር ነዳጅ ፋብሪካ ያላቸው ደግሞ የገባውንና የወጣውን በግራም እየመዘገቡ፣ ሒሳቡን በመንግሥታቸው በኩል ለኤጀንሲው ያደርሳሉ፤ መርማሪ ሲመጣም በር ይከፍታሉ። «ልክ ነው» ወይም «ጎድሏል» ብሎ የሚፈርደው ግን ኤጀንሲው ነው። ስለዚህ፦ «የግል ኩባንያዎች በዓለም አቀፉ የኑክሌር ቁጥጥር ሥራ ያግዛሉ።»

ለተማሪዎም «ጠመንጃ ሳይሆን ሚዛንና መዝገብ ይዘው» ይበሉልኝ።