የአድዋ ትያትር ጠመንጃ ለምን ቶሎ ይሰበራል? ጥያቄና መልስ

የካቲት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ጦር፣ ጋሻና ጠመንጃ ይሆናሉ። የየካቲት 23 ትያትር መድረሱ ነዋ። ዘንድሮም ከሰሜን ሸዋ ብዙ ጽፋችሁልኛል።

ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ከጣውላ የሠሩት ጠመንጃ በየልምምዱ ይሰበራል። ምን ይሻላል? (መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

ልገምት? የሚሰበረው እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገት ላይ፣ ከሰደፉ በላይ ነው። የጣውላው ጭረት (በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው መስመር) ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰደፉ ግን ወደ ታች ያዘነብላል፣ ስለዚህ አንገቱ ላይ ጭረቱ አጥሮ ይቀራል፤ ልጁ አንዴ መሬት ሲጥለው ቀጭ! የእንጨቱ ዓይነት ብዙም ለውጥ አያመጣም። ዋንዛም ቢሆን እዚያው ይሰበራል፣ እርጥብ ባሕር ዛፍማ ሳይሰበር በፊት ራሱ ይጣመማል።

እኔ ብሆን ጣውላውን ትቼ ኮምፔንሳቶ እጠቀማለሁ። ጭረቱ ተሻግሮ ስለተደራረበ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ባለ 1 ሳንቲ ሦስት ቁራጭ አንድ ላይ በኮላ ያጣብቁ። ጣውላውን ካልተዉ ደግሞ አንገቱን በቁመቱ ሰርስረው 15 ሳንቲ ያህል ባለ 6 ሚሊ ፌሮ ይክተቱበት። ክፍተቱን ኮላና ሰጋቱራ አደባልቀው ይድፈኑት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከተማችሁ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ነጭ ኮላ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም። ቤት ውስጥ አስረው ሙሉ ቀንና ሌሊት ይተዉት። ማሰሪያ ከሌለዎት የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በስሱ ቆርጠው ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙበት።

የእውነተኛው ውጅግራ ልክ ስንት ነው? (ተማሪ፣ አንኮበር)

አንተ ከአዲስ አበባ በፊት የምኒልክ መቀመጫ ከነበረችው ከተማ ሆነህ እኔን ትጠይቃለህ? እሺ። ውጅግራ በፈረንጆቹ 1874 የወጣ የፈረንሳይ ሥሪት ጠመንጃ ነው። ርዝመቱ 1.30 ሜትር፣ በርሜሉ ብቻ 82 ሳንቲ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ። ክብደቱን አትቅዳ፣ ትከሻህ ነው የሚጎዳው። ርዝመቱን ግን አትቀንስ፣ ከሩቅ የሚያስታውቀው እሱ ነው። ለበርሜሉ ባለ 20 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ ይበቃል፤ ውስጡ ቀጥ ያለ ዘንግ ክተትና ከእንጨቱ ጋር በብሎን እሰረው። በኮላ ብቻ ያጣበቅከው ቱቦ በመጀመሪያው ልምምድ ይወልቃል።

ከጀሪካን ቆርጬ የሠራሁት ጋሻ ቀለሙ ይላጣል። (ሸዋ ሮቢት)

ይላጣል። የጀሪካን ፕላስቲክ ቀለምም ኮላም አይይዝም፤ ብትፈትገውም ያው ነው። ይሄን ጠባዩን ግን መጠቀም ይቻላል። የፕላስቲክ ሳፋ ከዚሁ ዘር ነውና ገልብጥና ኮላ የጠጣ የጆንያ ቁራጭ ላዩ ላይ ደራርብ፣ አራት አምስት ድርብ፣ እያንዳንዱን እያደረቅህ። ሲደርቅ ሳፋው በቀላሉ ይለቅሃል፣ በእጅህ የሚቀረው ቀለም የሚይዝ፣ ቢወድቅም የማይሰበር ጋሻ ነው። መያዣውን ሳትረሳ ቀዳዳ አበጅተህ በጠፍር እሰረው።

ፒቪሲ ግን ይለያል፤ በብርጭቆ ወረቀት ከፈተግከው ቀለም ይይዛል። ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚለሰልስ በፈላ ውሃ ማጠፍ ይቻላል። እሳት ላይ እንዳትይዘው፣ ጭሱ ጉሮሮ ይፈጃል። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ደግሞ ጥቁር የተቀባ ቱቦ የተዘጋ መኪና ውስጥ አትተው።

የጦሩ ጫፍ ከዘንጉ ይወልቃል። (መሐል ሜዳ፣ መንዝ)

ከሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ቀለበት ቁረጡ፣ መገጣጠሚያው ላይ አጥልቁ፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ተሸምቅቆ ጭምቅ ያደርገዋል። ጫፉን ከቆርቆሮ አትሥሩ፣ የልጅ ዓይን አለ። ወፍራም ጎማ ብር ቀለም ሲቀባ ከመድረክ ማንም አይለየውም።

ልጄ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢሄድ ችግር አለው? (እናት፣ ደብረ ሲና)

አለው፣ እትዬ። በደንብ የተሠራ ከሆነማ ይብሳል። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚያይ ሰው እንጨት ይሁን ብረት ምን ያውቃል? ጆንያ ውስጥ ጠቅልለው ትልቅ ሰው ያድርሰው፣ ትያትሩ እስኪያልቅ ትምህርት ቤቱ ይቆይ፣ ትምህርት ቤቱም ቀድሞ ለፖሊስ ይንገር። አፈሙዙን በእንጨት ደፍነው ቀይ ይቀቡት። ግቢ ውስጥ ለጨዋታ ከፈለገ ጋሻውን ይስጡት።