ለሦስት ሰርቨር የሚበቃ ጠባቂ

ከጅማ የጻፈችልን እህታችን በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ሦስት የዳታቤዝ ሰርቨሮችን ብቻዋን ትይዛለች። ሁለቱ ማይኤስኪውኤል፣ አንዱ ፖስትግሬስ ነው። አንደኛው አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ። «በለቀማ ወቅት ዳታቤዙ መቆሙን የማውቀው ሚዛን ቤት ያሉት ሲደውሉልኝ ነው። ዛቢክስ ልጫን ወይስ ፕሮሜቲየስ?» ትላለች።

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸው። ሰርቨርን የሚከታተሉ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ ግን ላንቺ ጣጣቸው ይበዛል። ዛቢክስ ለራሱ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ የሚጠበቅ ሌላ ነገር ጨመርሽ ማለት ነው። ፕሮሜቲየስ ደግሞ በየሰርቨሩ ኤክስፖርተር (መረጃ የሚያቀብለው ትንሽ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ መልእክቱን የሚልክልሽም አለርትማኔጀር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው። ሠላሳ ሰርቨር ሲኖርሽ ልፋቱ ያዋጣል። ኔትዳታ የተባለው ሌላ መከታተያ በየሰከንዱ የሚያሳይ ግሩም ግራፍ አለው፤ ግራፉን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ግን የለሽም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሞኒት የተባለውን ትንሽ ጠባቂ ፕሮግራም በየሰርቨሩ እጭናለሁ። ጥቂት ሜጋባይት ራም ይበቃዋል፤ አሮጌዋን ማሽን አያስጨንቃትም።

መጀመሪያ ዲስኩን አስጠብቂው። ማይኤስኪውኤል 8 ካልነገርሽው በቀር ባይናሪ ሎጉን (የለውጦቹን መዝገብ) 30 ቀን ያስቀምጣል፤ ሥራ ሲበዛ ዲስኩን ሳታስቢው ይሞላዋል። ዲስክ ሲሞላ ደግሞ ማይኤስኪውኤል ብዙውን ጊዜ አይሞትም። ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል። ፕሮሰሱ አለ፣ ፖርቱ ክፍት ነው፣ ሚዛን ቤት ግን አንድ መዝገብ እንኳ አይገባም። ስለዚህ ፕሮሰሱ ስላለ ብቻ ደህና ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ። 80 በመቶ ላይ ተራ መልእክት፣ 90 ላይ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ይሁን።

ቀጥሎ የኮኔክሽን ብዛት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኙት ቁጥር። ካልተቀየረ ማይኤስኪውኤል 151፣ ፖስትግሬስ 100 ይፈቅዳል። የሚቆጥር ትንሽ ስክሪፕት ጽፈሽ ሞኒት ያስኪደው።

ባክአፑን አደራ። ብዙ ሰው የፋይሉን ቀን ብቻ ያያል። ደምፑ (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው ትእዛዝ) የይለፍ ቃል ስቶ ቢከሽፍ እንኳ ፋይል መጭመቂያው ጂዚፕ ባዶ ፋይል ጠቅልሎ ያስቀምጥልሻል፤ ቀኑ የዛሬ፣ መጠኑ 20 ባይት። ሞኒት ሁለቱንም ያያል፦ ፋይሉ ከ26 ሰዓት በላይ ካረጀ፣ ወይም ከተለመደው መጠን በጣም ካነሰ ይንገርሽ።

ዳታቤዙን ራሱ እንዲያስነሳ ግን አትፍቀጂለት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማይኤስኪውኤል መረጃውን ለማስተካከል ጊዜ ይወስድበታል፤ መሃል ላይ ደጋግሞ ማቋረጥ ነገሩን ያባብሰዋል። ይንገርሽ፣ አንቺ አስነሺው።

ማንቂያው በአንድ ብልጭታ አይምጣ፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲታይ ይላክ። በየሌሊቱ በከንቱ ለሚጮህ ውሻ ማንም ከአልጋው አይነሳም።

አሁን ዋናው ነገር። ሞኒት ያለው እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። መብራት ከጠፋና ዩፒኤሱ ካለቀ አብሮ ዝም ይላል፤ ይህን ዝምታ ከውጭ ሆኖ የሚያስተውል ሌላ ጠባቂ ያስፈልጋል። ሄልዝቼክስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ በነጻውም ለሦስት ሰርቨር ይበቃል። እያንዳንዱ ሰርቨር በክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራ በሚያስነሳው ፕሮግራም) በየ5 ደቂቃው «አለሁ» ይለዋል። ድምፁ ሲጠፋ እሱ በቴሌግራም ይጽፍልሻል። ኢንተርኔት ብቻ ሲቋረጥም ይጮሃል፤ ይጩህ፣ እሱም መታወቅ አለበት።

የቢሮው መስመር ሲቋረጥ ሞኒት በኢንተርኔት የሚልከው መልእክት አይወጣም። ለዚህ ሲም ካርድ ያለው የዩኤስቢ ዶንግል አንዱ ሰርቨር ላይ ሰኪና ጋሙ በሚባለው ፕሮግራም ኤስኤምኤስ እንዲልክ አድርጊ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሲሙ ሂሳብ እንዳያልቅ ብቻ ተከታተዪ።

ሁሉንም ከጨረስሽ በኋላ ሚዛን ቤት ዝግ በሆነበት ቀን ማይኤስኪውኤሉን በእጅሽ አቁሚው፤ ሞኒት እስኪቆጥር ጠብቂና ስልክሽን እዪ። ቀጥሎ የኔትወርክ ገመዱን ንቀዪ። ሁለቱም መልእክቶች ካልደረሱሽ ለቀማ ሳይጀመር ምክንያቱን ፈልጊ።