አክበር ሃይማኖት መሠረተ ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ሕንዱ ንጉሥ አክባር እየጻፍኩ ነው። «ሕዝቡ እንዲቻቻል ብሎ ቅይጥ ሃይማኖት መሠረተ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ ሰዋስዉ ምንም አይልም። ቃላቱ ናቸው የሚያስቸግሩት። «ቅይጥ» ለኢኮኖሚ ሲሆን ደህና ነው፤ ሃይማኖት ላይ ሲመጣ ግን «የተበረዘ» የሚል ሐሜት ይሸታል። ማማት ካልፈለጉ «ከየሃይማኖቱ የተውጣጣ» ይበሉት።

«ሃይማኖት» ደግሞ ይባስ ገዝፏል። አንባቢዎ መጽሐፍ፣ ካህን ወይም ሼህ፣ የጸሎት ቤትና ብዙ ምእመን ነው የሚጠብቀው። እ.ኤ.አ. በ1582 የተጀመረው የአክበር ዲነ ኢላሂ («የአምላክ ሃይማኖት») ግን ቅዱስ መጽሐፍም ካህናትም አልነበሩትም፤ በስም የሚታወቁት አባላቱ ሃያ አይሞሉም። የጦር አለቃው ማን ሲንግ ተጋብዞ እምቢ ብሏል፣ ሹመቱንም አላጣም። ነገሩ ሙሪድ (የሱፊ ደቀ መዝሙር) ለሸሁ እንደሚያድረው ዓይነት ነው፤ ወሎ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ስለዚህ «የንጉሡ ደቀ መዛሙርት ማኅበር» ይሻላል። ስሙ ላይ «ዲን» አለ እኮ ካሉኝ፣ በዘመኑ ይባል የነበረው ተውሂደ ኢላሂ («የአምላክ አንድነት») ነው።

«መቻቻል» ላይም ልጨቃጨቅዎት። ቃሉ የእርስ በርስ ነው፦ እኔ አንተን፣ አንተም እኔን። አክበር ግን ከላይ ሆኖ ነው የሠራው። በ1564 ሙስሊም ያልሆኑት የሚከፍሉትን ግብር፣ ጂዝያን፣ አነሳ። በ1575 መዲናው ፈተህፑር ሲክሪ ላይ የክርክር ቤት አሠራ፤ መጀመሪያ የሙስሊም ሊቃውንት ብቻ ገብተው እርስ በርስ ተዘላለፉ፣ በኋላ ሂንዱው፣ ጃይኑ፣ ዞሮአስትራዊውና ከጎዋ የመጡት ኢየሱሳውያን ሁሉ ተጨመሩ። ለዚህ አማርኛ ግሩም ግስ አለው፦ አቻቻለ። እንደ አፋቀረ፣ እንደ አስማማ። መርሑን «ሱልሂ ኩል»ን ደግሞ «ከሁሉ ጋር ሰላም» ቢሉት ይበቃል።

በነገራችን ላይ «አክባር» ሳይሆን «አክበር» ይጻፉ፤ «አላሁ አክበር» ላይ ያለው ቃል ራሱ ነው። ሙሉ ስሙ ጀላሉዲን ሙሐመድ አክበር ነው። ደቀ መዛሙርቱ ሲገናኙ አንዱ «አላሁ አክበር» ይላል፣ ሌላው «ጀለ ጀላሉሁ» («ግርማው ከፍ ይበል») ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ውስጥ የንጉሡ ስም አለ! ጠላቶቹ «አምላክ ነኝ ሊል ነው» ብለው ያሙት አለነገር አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «አክበር ጂዝያን አንስቶ ሕዝቡን ለማቻቻል ጣረ፤ ጥቂት የቅርብ ሰዎቹንም ከየሃይማኖቱ በተውጣጣ ትምህርት ደቀ መዛሙርቱ አደረጋቸው።»