መብራት ሲጠፋ ሆት ተቡ በረዶ እንዳይሠራ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። የገዛነው ቤት ጓሮ ሆት ተብ (የሙቅ ውሃ መዝናኛ ገንዳ) አለው። እንደ 2021ዱ ክረምት መብራት ለቀናት ቢጠፋ ውሃውን እንድፋው ወይስ እንተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመድፋት አትቸኩሉ። በደንብ የተከደነ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ለሰዓታት፣ ክዳኑ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ ይቆያል። «እስኪ ልየው» እያላችሁ ግን አትክፈቱት። ብርድ ልብስና ሸራ ደርቡበትና እሰሩት።

ቀድሞ የሚጎዳው ገንዳው አይደለም፤ ከጎን መዝጊያው ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎችና ፓምፑ ናቸው። እኔ በዚያ የካቲት ዳላስ ውስጥ የቀየርኩት ፓምፕ ብዛቱ! የጋዝ ምድጃ ካላችሁ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ፓምፑ አጠገብ ደርድሩ። ሲቀዘቅዝ ቀይሩ። ከሰል ወይም የጋዝ ማሞቂያ እዚያ ማስገባት ግን በፍጹም! ጀነሬተርም ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም፤ ጭሱ ይገድላል።

ውሃው ወደ 5 ዲግሪ ከወረደና መብራቱ ተስፋ ከሌለው፣ ብሬከሩን (የሆት ተቡን ኤሌክትሪክ መቁረጫ) አጥፍታችሁ ድፉት። ቱቦ የሚሰነጥቀው መታጠፊያው ላይ የሚቀረው ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ በሚመጥ ቫኪዩም አውጡት። እሱም መብራት ይፈልጋል፣ አይደል? ጀነሬተር ከሌላችሁ ለካምፐር (ማደሪያ ላለው የጉዞ መኪና) የሚሸጠውን ሮዝ አንቲፍሪዝ (በረዶ መከላከያ ፈሳሽ) ቱቦዎቹ ውስጥ ጨምሩ። የመኪናውን እንዳትነኩት፣ መርዝ ነው።

መብራት ሲመጣ ብሬከሩን ከማብራታችሁ በፊት ፓምፑን በእጃችሁ ዳስሱት። በረዶ ካለበት እስኪቀልጥ ጠብቁ።