«ጊዜ የለኝም» ለምትሉ፦ የዮጋ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ስለ ዮጋ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ዮጋን የት ላስገባው?

መልስ፦ የተለየ ሰዓት አትፈልጊለት። ከምትሠሪው ነገር ጋር አያይዢው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ አይደል? እዚያው ጀምሪ። እግሮችሽን በዳሌሽ ስፋት ለይተሽ ቁሚ። ክብደትሽ ወደ አንዱ እግር እንዳያደላ። ጉልበትሽን ድርቅ አታድርጊው። ትከሻሽን ወደ ኋላ መልሰሽ ወደ ታች ልቀቂው፤ ጥርስሽን ነክሰሽ ከሆነ እሱንም ፍቺው። ከዚያ በአፍንጫሽ ረጋ ብለሽ ተንፍሺ። ይሄ ታዳሳና ይባላል። አጠገብሽ ያለው ሰው እንኳ አያውቅብሽም።

ጥያቄ፦ መተንፈስማ ሁላችንም እንተነፍሳለን። ምን የተለየ ነገር አለው?

መልስ፦ ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይረጋል። ስለዚህ ማስወጫውን ስታስረዝመው ሰውነትህ «አደጋ የለም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። እስከ 4 እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። ትንፋሽህን አትያዝ፣ አትታገል። ካዞረህ አቁመህ እንደ ወትሮህ ተንፍስ። ከዮጋ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ነው የምውለው። አንገቴና ወገቤ አለቀ።

መልስ፦ የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ወደ ስክሪኑ ባቀረቀርክ ቁጥር ያንን የሚሸከመው የአንገትህ ጡንቻ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥ፣ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። አየር ስታስገባ ደረትህን ወደ ፊት ግፋ፤ ስታስወጣ ጀርባህን አጉብጠህ አገጭህን ወደ ደረትህ አምጣ። 5 ወይም 6 ጊዜ ይበቃል። ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይህ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ እግሬ አብጦ ያድራል።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከመተኛትሽ በፊት ወለሉ ላይ በጀርባሽ ተጋድመሽ እግሮችሽን ግድግዳ ላይ ስቀያቸው። መቀመጫሽ ግድግዳውን ባይነካም ችግር የለውም። ከወገብሽ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ብታደርጊ ይመችሻል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይ፤ ስትነሺ በጎንሽ ዞረሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ካለብሽ ይሄ ይቅርብሽ። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ካመመሽ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳትውይ ሳታድሪ ሕክምና ሂጂ። አሠሪዎችሽንም እንዲያሳክሙሽ አስቸግሪያቸው።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዮጋ የሂንዱ እምነት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ሥሩ የህንድ ነው፤ ከሂንዱ፣ ከቡድሃና ከጃይን እምነቶች ጋር አብሮ ያደገ ነው። ይሄን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ዛሬ ብዙ ሰው ለጤናው ብቻ ይሠራዋል። የተባበሩት መንግሥታትም ሰኔ 14 (በፈረንጆቹ ጁን 21) ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን እንዲሆን በ2014 እ.ኤ.አ. ወስኗል። እኔ እዚህ የምጽፈው ማፍታታትና አተነፋፈስ ነው፤ ዝማሬም ስግደትም የለበትም። ኅሊናህ ካልተቀበለው ግን አትጨነቅ፣ የንስሐ አባትህን አማክር። ወገብ ማፍታታት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ያስተምርሃል።

ጥያቄ፦ ምንጣፍ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። ካልሲህን አውልቅ እንጂ፤ ያንሸራትታል።

ጥያቄ፦ በልቶ መሥራት ይቻላል? በጾምስ?

መልስ፦ ከባድ ምግብ ከበላችሁ 2 ወይም 3 ሰዓት ቆዩ። በጾም ቀን ቀለል ያለውን ብቻ ሥሩ፤ ጎንበስ ብላችሁ በድንገት ቀና አትበሉ፣ ያዞራል።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ትችላለች?

መልስ፦ ሐኪማቸው ከፈቀደ፣ በደንብ። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ የማይንሸራተት ወንበር አዘጋጅላቸው። መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ እግራቸውን ከመሬት ትንሽ ያንሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሰው ይቀይሩ። ሚዛናቸውን ያጠነክርላቸዋል። ጭንቅላታቸው ከልባቸው በታች የሚወርድበትን እንቅስቃሴ ሁሉ ይተዉ። መጀመሪያ ሰሞን አንተ አጠገባቸው ቁም።