ማልያው የክበቡ፣ ፊርማው ያንተ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የስፖርት ክበባችን ሰብሳቢም ነኝ። ዘንድሮ ለስፖርትና ለክበባት ይወጣል የተባለው ገንዘብ ለላቦራቶሪ ዕቃ ግዢ ዞሯል ተባልን። «ትምህርት ይቀድማል» ነው መልሳቸው። እኛ ግን የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ ስፖርቱም በዚያ ውስጥ አለበት ብለን እናምናለን። ውድድሩ ተሰረዘ። ማልያ የሰፋልን ሰውም በየቀኑ ይደውልልኛል። ዩኒቨርሲቲውን ከሰን ገንዘቡን ማስመለስ እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅከኝ ስለ በጀት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን መጨረሻ አካባቢ ሹልክ ብላ ያለፈችው ዐረፍተ ነገር ናት። ማልያ የሰፋው ሰው በየቀኑ የሚደውለው ላንተ ነው። ለምን ላንተ? ለዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ለምን አይደውልም? ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅከውን በአጭሩ ልመልስልህ። የበጀቱ ክስ አያዋጣችሁም። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ የሚመጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ ከሚያጸድቀው በጀት ነው። ተቋሙ ውስጥ ደግሞ ዕቅዱንና በጀቱን ቦርዱ ያየዋል። ከአንድ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላ ማዛወርም የፋይናንስ አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 648/2001 ሥርዓት ያበጀለት ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ ከተጠበቀ ዳኛ «ማይክሮስኮፑን ትታችሁ ኳስ ግዙ» ብሎ አያዝም። ሕገ መንግሥቱም አይፈርድላችሁም። አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ይላል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 9 ደግሞ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ያዛል። ሁለቱም አሉ። ማን ስንት ይውሰድ የሚል ግን የለም።

የወጪ መጋራቱስ? ደንብ ቁጥር 154/2000 የሚናገረው ስለ ምግብ፣ ስለ መኝታና ስለ ትምህርት ወጪው ድርሻ ነው። ያ ገንዘብ ወደፊት የምትከፍለው ዕዳ እንጂ ለስፖርት ያስቀመጥከው መዋጮ አይደለም። የራስህን ቅጂ አውጥተህ አንብበው።

ይህን ስል ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። ከቤቱ ርቆ ዶርም የገባ የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ሰው የሚለምደው ሜዳ ላይ ነው። ስፖርትን ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ካለ እከራከረዋለሁ። ግን ቦታው ፍርድ ቤት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት አካልን መረጃ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ስንት ተመድቦ ነበር፣ በማን ውሳኔ ዞረ፣ መቼ ዞረ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ በተማሪዎች ኅብረት በኩል ቀድማችሁ ግቡ። ገንዘቡ አንዴ ከተመደበ በኋላ መጮህ ብዙም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው እንምጣ።

የሆነውን ልገምት፤ ከተሳሳትኩ ታርመኛለህ። የውድድሩ ቀን ደረሰ። ስፖርቱ ቢሮ ያለ አንድ ሰው ኮሪደር ላይ «አሰፉ፣ በጀቱ ሲለቀቅ ይከፈላል» አለህ። አንተም መርካቶ ወርደህ ሰፊውን አገኘኸው። ዋጋ ተስማማችሁ። ቀብድ ከሰጠህ ከተማሪዎች ያሰባሰብከው ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ ስምህን ጽፈህ ፈረምክ። ምናልባት የክበቡን ክብ ማኅተም አሳርፈህበታል። ማኅተሙ ሲያርፍ ነገሩ የመንግሥት ሆነ ብለህ አሰብክ።

ይህን ለምን እንዳልጻፍክልኝ ይገባኛል። ሰው የሚያሳፍረውን ወደ ኋላ ያስቀምጣል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አደጋ ላይ ያለኸው እዚህ ጋ ነው።

በዚህ ጉዳይ ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ተማሪ ብቻ እንዳይመስልህ። ለዕድር ድንኳን በዱቤ ያመጣ ጸሐፊ አለ። ለሰፈር ቡድን ጫማ የወሰደ አሰልጣኝ አለ። ለትምህርት ቤት በዓል ድምፅ ማጉያ የተከራየ የወላጅ ኮሚቴ አለ። ሁሉም ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ለራሴ አይደለም እኮ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሕጉ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ማን እንደተጠቀመ አይደለም። በማን ስም እንደተፈረመ ነው የሚጠይቀው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ተመልከት። በአንቀጽ 2189 መሠረት ወኪል በወካዩ ስም፣ በተሰጠው ሥልጣን ልክ የፈጸመው ውል ወካዩን ያስገድዳል። አንቀጽ 2197 ደግሞ በራሱ ስም የተዋዋለ ወኪል ራሱ ባለ ዕዳ ይሆናል ይላል። አንተ ከሁለቱ የትኛው ላይ ነህ? ክበባችሁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ስብስብ እንጂ በራሱ የሚከስና የሚከሰስ ሰውነት ያለው አይመስለኝም። ስለዚህ ወካይህ ሊሆን የሚችለው ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ወክሎሃል? በየትኛው ደብዳቤ?

«በቃል ፈቅደውልኛል» እንዳትለኝ። በአንቀጽ 1724 መሠረት መንግሥትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። የኮሪደር ቃል ዩኒቨርሲቲውን አያስርም። የመንግሥት ግዢ የራሱ መንገድ አለው። የግዢ መጠየቂያ ይሞላል፤ በጀት መኖሩ ይረጋገጣል፤ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ግዢ ክፍል ያዛል። ያ «አሰፉ» ያለህ ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን በሌለው ሥልጣን ነው የተናገረው። ነገ ፍርድ ቤት ሲጠራ ደግሞ «እንዲህ አላልኩም» ሊል ይችላል።

ሌላም አለ። ጓደኞችህ አብረውህ ፈርመው ከሆነ ዕዳው በየድርሻችሁ ይከፋፈላል ብለህ አትጽናና። በአንቀጽ 1896 መሠረት አብረው የተዋዋሉ ባለ ዕዳዎች፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ሰፊው ሙሉውን ካንተ ብቻ መጠየቅ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የተቆረጠ ዋጋ ካለ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስህ ይችላል። በዚህ መንገድ ከመጣ ለመከላከል ራሱ ፈቃድ መጠየቅ አለብህ። ካልጠየቅክ ፍርዱ ይሰጣል። መጥሪያ ከደረሰህ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው አትዙር። በዚያው ቀን ጠበቃ ጋ ሂድ። ጅማ ላይ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መልስህን በጊዜ የሚያዘጋጅልህ ሰው ያስፈልግሃል።

መውጫ የለም ማለቴ አይደለም። መውጫው ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። ማልያዎቹ አሁን የት ናቸው?

ዩኒቨርሲቲው ንብረት ክፍል ገብተው ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ሰነድ) ተቆርጦላቸው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ተቋሙ ዕቃውን ተረክቧል ማለት ነው። በአንቀጽ 2190 መሠረት ወካይ ያለ ሥልጣን የተሠራውን ሊያጸድቅ ወይም ሊሽር ይችላል። ዕቃውን በሰነድ መረከቡ አጽድቋል ለሚል ክርክር ይረዳል። በአንቀጽ 2162 ደግሞ ያለ አግባብ መበልጸግን ማንሳት ይቻላል። ከተከሰስክም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 43 ዩኒቨርሲቲው ወደ ክርክሩ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህን ብቻህን አትሞክረው።

ማልያዎቹ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (በንብረት ማውጫ ሰነድ) በስምህ ወጥተው ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ለክሊራንስ ስትሄድ ይጠየቁብሃል። ዶርም አልጋህ ሥር ካሉ ደግሞ የሰፊው ክርክር ጠንካራ ነው፤ ተረክበህለታል። ገና ሱቁ ውስጥ ካሉ ግን ለድርድር ሰፊ ቦታ አለ። በተለይ የክበቡ ስም ገና ካልታተመባቸው ለሌላ ቡድን ይሸጣቸዋል።

አደራ የምልህ ነገር አለ። ማንም «ቀኑን ወደ ኋላ አድርገን ደብዳቤ እንጻፍልህ» ቢልህ እንዳትቀበል። ዛሬ ያለህ የዕዳ ጉዳይ ነው፤ ያኔ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። ማልያዎቹን ለተማሪ ሸጠህ ዕዳውን ለመዝጋትም አታስብ። ንብረትነታቸው የዩኒቨርሲቲው ሆኖ ከተገኘ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 የእምነት ማጉደል ክስ ሊመጣብህ ይችላል። ሰፊው «እስከዚህ ቀን እከፍላለሁ» የሚል አዲስ ወረቀት ቢያቀርብልህም ጠበቃ ሳያየው አትፈርም። ብዙ ሰው ሰፊውን ለማረጋጋት ብሎ ይፈርማል። ያ ወረቀት ግን ዕዳውን ያመንክበት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሃል።

ከተማሪዎች ገንዘብ ሰብስበሃል ወይ? ይህንንም አልጻፍክልኝም። ሰብስበህ ከሆነ ማን ስንት እንደሰጠ ዛሬውኑ ዝርዝር አውጣ። ገንዘቡ የት እንደዋለ በደረሰኝ አያይዝ። ደረሰኝ የሌለበትን «ደረሰኝ የለም» ብለህ ጻፍ እንጂ አትፍጠር።

ከዚያ ሰነድህን ሰብስብ። ከሰፊው ጋር የፈረምከው ወረቀት፣ የክበቡ ቃለ ጉባኤ፣ ከስፖርት ቢሮው የመጣ ማንኛውም ደብዳቤ፣ የውድድሩ መርሐ ግብር፣ የቴሌግራም መልእክቶች። መልእክቱን አታጥፋ፣ አትቀይር። ስልክህ ከተሰረቀ ማስረጃህ አብሮ ይሄዳልና ቅጂ አስቀምጥ። «አሰፉ፣ ይከፈላል» የምትል አንዲት መልእክት እንኳ ካለች ዋጋ አላት። ዩኒቨርሲቲውን ባታስርም፣ በቅን ልቦና መሥራትህን ታሳያለች።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለህ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። ማዕከሉ በዩኒቨርሲቲ ሥር ከሆነ ግን ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲን እንደሚነካ ከመጀመሪያው ንገራቸው። እኔ የጻፍኩልህ በደብዳቤህ ላይ ብቻ ተመሥርቼ ነው። ወረቀቱን ያየ ባለሙያ ሌላ ሊልህ ይችላል፤ እሱን ስማ።

የሰፊውንም ስልክ አንሳለት። ጨርቁን በራሱ ገንዘብ ገዝቷል፤ ቤተሰብም ይኖረዋል። ሲደውል ዝም ማለትህ ነው ወደ ክስ የሚገፋው። በዚህ ሳምንት፣ ከተቻለ አብረውህ ከፈረሙት ጋር፣ ሱቁ ድረስ ሂድ። በአክብሮት አነጋግረው። የፈረምከውን ወረቀት ፎቶ አንሳ፤ ስንት ማልያ እንደተሰፋ፣ ስንት እንደተረከብክ፣ ስንት እንደቀረ ጻፍ። ምንም ሳትፈርም ተመለስና ወረቀቱን ለጠበቃ አሳየው።