«ከግብርና ማን ወጣ?» ለሚሉ አባት

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህ አናደደኝ። በአንተ ግን አይደለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆርቲካልቸር የመጨረሻ ዓመት ነህ። አባትህ ግን «ዶክተር ሊያ ታደሰም ከጅማ ነው የወጡት፤ ከግብርና ማን ወጣ?» ይሉሃል። አንተም ማትሪክ ደግመህ ሕክምና ለመግባት አስበሃል። እንግሊዝኛህና የመውጫ ፈተናውም ያሳስቡሃል።

ዶክተር ሊያን እኔም አከብራቸዋለሁ። ጅማ ሕክምና ተምረው ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ሆነዋል። ግን በ2017 ዓ.ም. «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ ያቆሙትም ሐኪሞች ናቸው። ደግሞስ ሌላ ስድስት ሰባት ዓመት ማን ሊያበላህ ነው? ታናናሾችህን የማስተምረው እኔ ነኝ ብለህ የለ? ይሄን አባትህ ፊት ቁጭ ብለህ አስላው።

ከግብርና ማን ወጣ? ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት የተማሩት ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ የዛሬው ኮሌጃችሁ ማለት ነው። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ወሰዱ።

ስማቸው የማይነሳም አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ውጭ አገር የተቆላ ቡና ከረጢት አለ። «74110» ይላል። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ዝርያ ነው፤ 74ቱ እ.ኤ.አ. 1974 ማለት ነው። ያኔ ሲቢዲ የሚባለው የቡና በሽታ ፍሬውን እያጠቆረ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀር ነበር፤ ይሄኛው ተቋቋመው። የመረጡት ሰዎች ስም ከረጢቱ ላይ የለም።

እኔም ከዚያው ከኮሌጃችሁ ግቢ በዲፕሎማ ወጥቼ አጋሮ በወረዳ ባለሙያነት ሰባት ዓመት ሠራሁ። ኋላ ቡና ቀማሽ ሆንኩ። እናቴ «ቡና መጠጣትም ሥራ ሆነ?» ብላ ስቃብኛለች። ልጆቼን ያሳደግኩት ግን በዚያች ማንኪያ ነው። (ቡና ስላበላኝ ወደ ቡና እየገፋሁህ ይሆናል፤ እወቀው።)

ስለዚህ ተመረቅ። ቀይ እሸት ሲለቀም አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሂድና ማታ ማታ ገንዳው ዳር ቁም። ቡናው መቼ እንደሚታጠብ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቅ፤ ጻፍ። ሲቪህ ላይ ከጂፒኤህ ይልቅ ይሄ ይታያል።

ለመውጫ ፈተናው ብሉፕሪንቱን፣ ማለትም የፈተናውን ይዘት ዝርዝር፣ ይዘህ ቁጭ በል። እንግሊዝኛውን በየቀኑ አንድ ገጽ ጮክ ብለህ አንብብ።

አባትህ ማና ወረዳ ላይ ቡና አላቸው ብለሃል። ጓሯቸው ያለው የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ ችግኙንም ከየት እንዳመጡት ጠይቃቸው። ያሉህን ጻፍልኝ።